የእትዬ በረኪና ጉድጓድ

እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ በረኪና» በሚል ስም ነው። ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አፉ ይባረክ፣ ልክ ነው። ቤቷ ስትገቡ ከሰላምታዋ በፊት የሚቀበላችሁ በረኪና ነው። ወለሉ በረኪና፣ መጋረጃው በረኪና፣ ጉንጫችሁን ይዛ ስትስማችሁ እጇ በረኪና። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ይህን የማወራው ተናድጄ ነው። አውርቼ ስጨርስ ይበርድልኝ እንደሆነ እንጃ፤ እስካሁን ስንቴ አውርቼው አልበረደልኝም።

ታላቄ ናት። የሥራ ዘመኗን ሙሉ ሆስፒታል፣ ማዋለጃ ክፍል፣ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። እሷ በምትወለውለው ኮሪደር ሐኪም ሳይቀር ጫማውን አይቶ ነበር የሚያልፈው። አንዱን ስፔሻሊስት በጭቃ ጫማ ሲገባ መወልወያዋን እፊቱ ዘርግታ «ዶክተር፣ መጀመሪያ እግርዎን ይጥረጉ፣ ነፍስ ማዳኑ ይደርሳል» ብላ አቁማዋለች ይባላል። ይባላል ስል የምትለው ራሷ ናት፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር። ግን በሥራዋ ማንም አይወቅሳትም። እሷ ተረኛ በሆነችበት ቀን የወለደች እናት ዕድለኛ ናት ብለው ነርሶቹ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በረኪናን እንዲህ ያስመለካት ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ወንድ ልጅ ነበራት። ገና በእግሩ መሄድ ሲጀምር፣ ተከራይታ በምትኖርበት ግቢ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ገነፈለ። አከራዩ ዛሬ ነገ ሲል ልጁ በዚያ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ዋለ። ተቅማጥ ያዘው፤ ብዙም አልቆየ፣ ሞተ። ባሏም ከዚያ በኋላ አልከረመም፣ ጥሏት ሄደ። እሷ ሥራ ገባች፣ መወልወያ ጨበጠች፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በጽዳት ጉዳይ እሷን ደፍሮ የሚናገር ዘመድ አልነበረም። እኔም አልናገራትም ነበር።

እኔ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ስሠራ ልጄን አጥባ፣ አብልታ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመልሳት የኖረችው እህቴ ናት። ሰማያዊ ሹራቧን በበረኪና ስታሽ ስታሽ ግራጫ አድርጋው፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ «አንቺ የየትኛው ትምህርት ቤት ልጅ ነሽ?» ብሎ በር ላይ አቁሟታል። ልጄ እሷን «እታለም» ትላታለች፤ እኔን እስከ ትልቅነቷ ድረስ በስሜ ነበር የምትጠራኝ። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ልጇ የሞተባት ሴት የኔን ልጅ አቅፋ ስትስቅ እያየሁ ምን ብዬ ቅር ይለኛል? እንዲያውም የምንጣላው አብዝታ ስታቀብጥብኝ ነበር።

የምንኖረው አባታችን በተወልን ግቢ ነው። ላይኛው ቤት የሷ፣ ታችኛው የኔ፣ በመንገዱ በኩል ያለችው አንዲት ክፍል የልጄ ፀጉር ቤት። ሰፈራችን የፍሳሽ መስመር የለውም፤ ሁሉም የየራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ የየራሱን ሽታ ያሸታል። የድሮው ጉድጓዳችን መሙላት ሲጀምር እህቴ «እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ ግቢ የሚገነፍል ነገር አይኖርም» አለችና ደህና ሴፕቲክ ታንክ ካላሠራሁ ብላ ተነሳች። የዓመት ፈቃዷን ወሰደች፣ ግንበኛ መረጠች፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወንበር አስቀምጣ ሠራተኞቹን በአንድ እግራቸው አቆመቻቸው።

ግንበኛው ነገሩን ያስረዳው ለሷ ነው። እኔ ፋብሪካ ነበርኩ፣ ልጄ ደንበኛ ይዛ ነበር። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ መጀመሪያ አንደኛው ክፍል ይገባል፤ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል። መሀል ያለው ውሃ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል፣ ከዚያ ጠጠር ወደተሞላበት፣ ሸምበቆ ወደተተከለበት መደብ ይሄድና ቀስ እያለ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። «ሥራውን የሚሠራው ግን ሲሚንቶው አይደለም» ብሏታል። «ጀርሙ ነው። ቆሻሻውን የሚበላው ጀርሙ ነው። በረኪና ከደፋችሁበት ይሞታል። እሱ ከሞተ ደግሞ የሠራሁላችሁ ሁሉ ተራ ጉድጓድ ነው።»

አስቡት እንግዲህ። ዕድሜዋን ሙሉ ጀርም ስትገድል ለኖረች፣ ልጇን ጀርም ለነጠቃት ሴት «ጀርሙን ተንከባከቢው» ይላታል። ጢሙን ያልተላጨ፣ ሱሪው ጭቃ የጠገበ ሰው! «እሺ» አለችው። በሆዷ ግን «ይሄ ቆሻሻ የራሱን አመል ሊያስተምረኝ ነው» ብላ ስቃለች። ለኔ ትንፍሽ አላለችም። ለልጄም ትንፍሽ አላለችም።

መጀመሪያ ላይ ሰላም ነበር። እሷ ገና ሥራ ላይ ስለነበረች ጉልበቷን ሆስፒታሉ ይጨርስላታል። ሸምበቆው አደገ፣ ሽታ የሚባል ነገር አልነበረም፣ የማንም እንግዳ ጉድጓዱ የት እንዳለ አያውቅም። ጉድ የፈላው ጡረታ ስትወጣ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት እላያችን ላይ ወረደ። ጠዋት የራሷን መጸዳጃ ቤት ታጥባለች፣ ቀጥላ የኔን፣ ከሰዓት ደግሞ ጠዋት ያጠበችውን እንደገና። በረኪና በጠርሙስ መግዛት ትታ በጀሪካን ማስመጣት ጀመረች። ለመሆኑ ንጹሕ ቤት ማን ይጠላል? ከሥራ ደክሞኝ ስገባ መታጠቢያ ቤቴ እያበራ ይጠብቀኛል፤ እኔም እመርቃታለሁ።

ከዚያ ሽታው መጣ። ሽታው ሲመጣ እህቴ በረኪና ጨመረች። ስትጨምር ሽታው ባሰ፣ ሽታው ሲብስ እሷ ደግሞ ጨመረች። ብዙም ሳይቆይ ከሸምበቆው ሥር ጥቁር ውሃ ማቆር ጀመረ፣ ቅጠሉም ገረጣ። አንድ ቀን ጠዋት የላይኛው ቤት ያወጣው ሁሉ በኔ መታጠቢያ ቤት የውሃ መውረጃ በኩል ተመልሶ መጣ። ዝርዝሩን ልተውላችሁ። እህቴ ወርዳ አየችውና ፊቷ አመድ መሰለ። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ስለ ልጇ እያሰበች እንደሆነ ገብቶኛል፤ ያኔ አዝኜላት ነበር።

ያንን ሐዘኔታ እሑድ ዕለት ራሷ አጠፋችው። ከሰዓት ጎረቤቶቹን ግቢያችን ጠራች። ባለሱቁ ከነሚስቱ መጣ፣ ጡረተኛው መምህር መጣ፣ ሽታው ያስመረረው ሁሉ መጣ። እኔ መፍትሔ ልንመካከር መስሎኝ ሽር ጉድ እያልኩ ወንበር ሳወጣ ነበር። እህቴ መሀል ቆማ ጣቷን ወደ ፀጉር ቤቱ ቀሰረች።

«ያ ሁሉ ቀለም፣ ያ ሁሉ የፀጉር ማለስለሻ መርዝ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል? ጉድጓዴን የገደለችው እሷ ናት! በእጄ ያሳደግኳት ልጅ!» ድምፅዋ እስከ ታክሲ መያዣው ይሰማል።

ልጄ የደንበኛዋን ራስ በፎጣ ጠቅልላ ትታ እጇ እንደራሰ ወጣች። «እታለም፣ የኔ ውሃ እዚያ አይገባም እኮ። ግንበኛው ለብቻው ጉድጓድ ቆፍሮልኛል። ፈቃድሽ አልቆ ሥራ የተመለስሽ ጊዜ ነው፣ አላየሽም።»

«ከመሬት በታች ያለውን ማን አየ?»

«እኔ አይቻለሁ!»

«አንቺማ ታያለሽ!»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ኬሚካል ረጅም ንግግር አደረገ፤ እኔ አልገባኝም፣ እሱም የገባው አይመስለኝም። የባለሱቁ ሚስት ሰሞኑን ልጄ ጋ የተሠራችውን ፀጉር በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችው፣ እንዳይረግፍባት ፈርታ። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሯ ፀጉር ቤቱን አልረገጠም። እሷን አይተው ሌሎቹም ቀሩ። እህቴ ይህም አልበቃትም፤ «ወይ ፀጉር ቤቱ ይዘጋል፣ ወይ ከዚህ ግቢ ትወጣለች» አለች። በአባታችን ግቢ! ለኔ ልጅ!

ደሜ ፈላ። እንግዶቹ ከበሩ ሳይርቁ ተከትያት ላይኛው ቤት ገባሁ።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ልጅቷን ከእንጀራዋም ከቤቷም ልታፈናቅያት ነው!»

«ሕፃን የሚገድል ነገር በዚህ ግቢ አላኖርም» አለችኝ።

«የትኛው ሕፃን? እዚህ ግቢ ውስጥ ሕፃን የለም!»

ይህን ባልኩ ጊዜ ባልዲዋ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች። ክፉ ቃል ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። የሞተውን ልጅ እኔም በእጄ አጥቤዋለሁ፣ እኔም አልቅሼለታለሁ። ግን በሕይወት ያለችውስ? ለሷ ማን ይቁምላት? እናቷ ነኝ እኮ፣ በስሜ ብትጠራኝም።

ልጄ አልተከራከረችም። ከሁሉ የባሰ ያሳረረኝ ይሄ ነው። ብትጮህ፣ ብትሰድባት፣ አንድ ሳህን እንኳ ብትሰብር ደስ ይለኝ ነበር። ዝም ብላ ሌላ ሰፈር ክፍል ፈለገች፣ አገኘች፣ መስታወቶቿን ከግድግዳው ማውረድ ጀመረች። «የት ልትሄጂ?» ስላት «ውሃዬን የማይጠሉበት ቦታ» አለችኝ።

ግንበኛውን ፍለጋ ወጣሁ። ስልክ አያነሳም። ሌላ ሕንፃ ላይ ልስን ሲለስን አግኝቼ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እየጎተትኩ አመጣሁት። የመጀመሪያውን ክፍል ክዳን በብረት ፈልቅቆ አነሳው። እኛ አፍንጫችንን ይዘን ወደኋላ ስንል እሱ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀጥሎ ረጅም እንጨት ሰዶ አማሰለ፣ አወጣው፣ ጫፉን አየ።

«እዚህ ላይ ወፍራም ሽፋን መኖር ነበረበት» አለ። «የለም። የገባው ሁሉ እንደገባ ነው፣ የበላው የለም። እያለፈ ሄዶ ጠጠሩን ደፍኖታል።» ቀና ብሎ እህቴን አያት። «የሚሸተኝ በረኪና ነው። እትዬ፣ ነግሬዎት አልነበረም?»

እኔ ወደ እህቴ ዞርኩ። ፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆመችው ልጄም ዞረች።

«ምንድን ነው የነገርካት?» አልኩት።

ነገረኝ። ጀርሙን፣ በረኪናውን፣ «እሺ» ያለችውን፣ ሁሉንም። ከዚያ አካፋ ይዞ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ቆፈረ፤ የልጄ ቧንቧ ወደ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ሲሄድ በዓይናችን በብረቱ አየነው። ከታንኩ ጋር ዝምድና እንኳ የለውም።

እህቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? ዓይኗን በጨው፣ ምን በጨው፣ በበረኪና አጥባ «ጢሙን የማይላጭ ሰው ስለ ንጽህና ሲያወራ ማን ይሰማዋል?» አለች።

«እኔ ጢሜን ጉድጓድዎ ውስጥ አልደፋሁም» አላት ሰውዬው።

በሱም ተናድጃለሁ። «ግቢው የሷ ብቻ ነው? ለአንድ ሰው ሹክ ብለህ እግሬ አውጪኝ ትላለህ?» ብዬ አምባረቅሁበት። ትከሻውን ነቀነቀ። በመኪና ይመጠጥ፣ ጥቂት ዝቃጭ ግን ለዘር ይቅርበት፣ ጠጠሩም ወጥቶ ይታጠብ አለ። «ከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ፣ ራሱ ያገግማል» ብሏት ወደ ልስኑ ሄደ።

«እንግዲህ ጥሪያቸው» አልኳት እህቴን።

«ማንን?»

«ጎረቤቶቹን ነዋ! ስትከሻት ጠርተሻቸው የለ?»

«ታንኩ ተሰንጥቆ ነው እንበላቸው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እየተለማመጠች። «ምን አስጨነቀን? የቤታችንን ጉድ ለምን ለሰው እንዘከዝካለን?»

ቆሽቴ አረረ። «የቤታችንን ጉድ! ልጄን አደባባይ ላይ ስትዘከዝኪያት የማን ቤት ጉድ ነበረች? ሲሚንቶው ላይ ልታላክኪ ነው? ሲሚንቶው እንኳ የታዘዘውን ሠርቷል፣ አልሠራም ያልሽው አንቺ ነሽ! ሰው ነግሮሽ፣ አፍ አውጥቶ ነግሮሽ፣ አውቀሽ ደፍተሽ፣ ሲሸት ለልጅ ትሰጫለሽ?» ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። እሷም በሯን ዘጋችብኝ።

ልጄ ዕቃዋን የምትጭንበት ቀን ደረሰ። ጋሪው በር ላይ ቆሟል። ወንበሮቹ ተጭነዋል፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ባለሱቁ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያያል፣ መምህሩ ጋዜጣውን ይዞ ያያል፣ የባለሱቁ ሚስት መስኮት ላይ ናት። እህቴ ከላይኛው ቤት ወጣች። እጇ ባዶ ነው። ልጄን ተጠግታ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ በመከራ ነው የሰማሁት።

«እኔ ነኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አትሂጂብኝ።»

ልጄ የያዘችውን መስታወት ጋሪው ላይ አስደግፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ።

«አልሰማሁሽም፣ እታለም።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«ስትከሺኝ እስከ ታክሲ መያዣው ተሰምቷል። አሁንም እስከዚያ ይሰማ።»

እህቴ ወደኔ አየች። እንዳወጣት ፈልጋ ነው። አላወጣኋትም። መንገዱን አየች፣ ባለሱቁን አየች፣ ከዚያ በዚያ ኮሪደር ሙሉ ሐኪም ባቆመችበት ድምፅ ጮኸች።

«እኔ ነኝ! ስሙኝ! በረኪና ደፍቼ ጉድጓዱን የገደልኩት እኔ ነኝ! ግንበኛው ነግሮኝ ነበር፣ ንቄው ነው! ልጅቷ ምንም አላደረገችም! የሷ ውሃ እዚህ አይገባም! ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

መምህሩ ጋዜጣውን ወደ ፊቱ ከፍ አደረገ። ባለሱቁ ድንገት ሚዛን መወልወል አማረው። ሚስቱ መስኮቷን ዘጋች። ለክሱ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ሁሉ እውነቱ ሲነገር ሥራ በዛበት። እነሱንም ይቅር አላልኩም።

«አመሰግናለሁ» አለች ልጄ። የእህቴን ሁለት ጉንጭ ሳመች። ከዚያ ለባለጋሪው «እንሂድ» አለችው።

«አሁንም ትሄጃለሽ?»

«ክፍሉን ይዣለሁ እኮ፣ እታለም።»

ጉድጓዱ ተመጠጠ፣ ጠጠሩ ታጠበ። እህቴ የተረፈውን በረኪና ከነጀሪካኑ ለሆስፒታሉ ሰጠች። አሁን መጸዳጃ ቤቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥባለች፤ ስትጨርስ የሆነ ነገር የረሳች ይመስል በሩ ላይ ትቆማለች። ጊዜ ወሰደ እንጂ ሽታው ጠፋ። ሸምበቆው አዲስ ቅጠል አወጣ። ግንበኛው ተመልሶ ክዳኑን ከፈተና «ነፍስ ዘርቷል» ብሎ በደስታ እጁን አጨበጨበ። እኔ ግን ደስታው አልተጋባብኝም። የጉድጓዱ ጀርም ሲመለስ የኔ ልጅ አልተመለሰችም።

እሑድ እሑድ ትመጣለች። አኩርፋ አይደለም። ትጫወታለች፣ ትስቃለች፣ የእህቴን ፀጉር ታበጥርላታለች። ከጠዋት እስከ ማምሻ ትቀመጣለች፤ ግን አንድም ቀን መጸዳጃ ቤት አትገባም። የኔም ቤት አትገባም፣ የላይኛውም አትገባም። ይህን ልብ ያለችው እህቴ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ሻይ ስናቀርብላት ስኒውን ይዛ ታቀዘቅዘዋለች እንጂ አትጠጣውም። የሷ ውሃ ዛሬም እዚያ ጉድጓድ አይገባም።

ባለፈው እሑድ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ልጄ ከመንገድ ስትገባ ከንፈሯ ደርቋል። እህቴ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«ጠጪ የኔ እናት፣ ጠምቶሻል።»

«አልጠማኝም፣ እታለም።»

እኔ በሁለቱም ተናድጄ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። እህቴ ብርጭቆውን እንደያዘች አጠገቧ ተቀመጠች፤ ልጄ ተነስታ እስክትሄድ ድረስም አላስቀመጠችውም።